«ውጭ» የት ነው? በለቡ መብራት ኃይል የቤተሰብ የክረምት ጉዞ ዕቅድ ላይ የቀረበ ጥናት

፩. የቃሉ ፍቺ

በአማርኛ «ውጭ» የሚለው ቃል ከደጃፍ፣ ከግቢ፣ ከከተማ ወይም ከአገር ድንበር ባሻገር ያለውን ሁሉ ሊያመለክት ቢችልም፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በለቡ መብራት ኃይል በሚኖሩና ልጆች በሚያስተምሩ ቤተሰቦች ዘንድ ግን ትርጉሙ እጅግ ጠብቦ ይገኛል። በእነዚህ ቤተሰቦች አነጋገር «ውጭ» ማለት በአውሮፕላን የሚኬድበትና ሻንጣ ሞልቶ የሚመለሱበት ከተማ ነው። ከሁለቱ የፍቺው ክፍሎች ይበልጥ ወሳኙ የኋለኛው ሲሆን፣ አንድ ሰው አገር አቋርጦ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ እንደሆነ፣ ሰፈሩ «ውጭ ደርሶ መጣ» በማለት ፈንታ «ለስብሰባ ሄዶ ነበር» ብሎ ነገሩን በአጭሩ ይዘጋዋል።

ድንበር መሻገር ብቻውን አንድን ከተማ «ውጭ» እንደማያሰኘው የሚያስረዳው ማስረጃ የሚገኘው ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው የባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሳፈርበት ጣቢያ የተሠራው በለቡ በኩል ሲሆን፣ መደበኛው አገልግሎትም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ተጀምሯል። ስለዚህ ስሙን ከመብራት ኃይል ያገኘው ይህ ሰፈር፣ በመብራት ኃይል እየተጎተተ ወደ ሌላ አገር ዋና ከተማ ለሚሄድ ባቡር ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ የክረምት ጉዞ በሚታቀድባቸው ቤቶች የጅቡቲ ስም አይነሳም፤ ቢነሳም «ጅቡቲማ ይሞቃል» ተብሎ ወዲያው ይወድቃል፤ ከዚያም ውይይቱ፣ በሐምሌ ወር ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ወደሚያልፈው ወደ ዱባይ ይሸጋገራል።

፪. ታሪካዊ መነሻ

ክረምትን በውጭ ከተሞች የማሳለፍ ልማድ በዚህ አገር አዲስ እንዳልሆነ ለማስረዳት የ1916 ዓ.ም.ን ጉዞ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው፣ ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ሮምን፣ ለንደንንና ሌሎችንም ከተሞች ጎብኝተው የተመለሱት ክረምቱ ሲያልቅ ነው፤ የጉዞውን አኳኋንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመጽሐፍ አስፍረውታል። ተጓዦቹ ለስጦታ የሚሆኑ አንበሶች ይዘው ሄደዋል። አልጋ ወራሹ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው፣ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ 40 የአርመን ልጆችም ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ተደርጎ፣ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆነዋል፤ በታሪክም «አርባ ልጆች» ተብለው ይታወቃሉ።

ከዚህ ጉዞ የኋለኛው ትውልድ ሁለት ደንቦችን የወረሰ ይመስላል። የመጀመሪያው፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው አንዳች ነገር ተሸክሞ መሄድ አለበት የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲመለስ ከወሰደው የበለጠ ይዞ መምጣት አለበት የሚለው ነው። በዘመናት ብዛት አንበሳው በበርበሬ፣ የሙዚቃ ጓዱም በጫማና በሽቶ ከመተካቱ በቀር ደንቦቹ እስከ ዛሬ አልተሻሩም። የተለወጠው ትልቁ ነገር በሩ ነው፤ ያን ጊዜ የውጭ በር የነበረችው ጅቡቲ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ከጀመረ ወዲህ ማዕረጓን እያጣች ሄዳ፣ ዛሬ በለቡ አቆጣጠር ከድሬዳዋ ትንሽ አልፋ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ሆናለች።

፫. የክፍተት ሒሳብ

«ክፍተት» በዚህ ጥናት ውስጥ፣ የአንድ ቤተሰብ አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ ከአገር ሊወጡ የሚችሉባቸው ቀናት ድምር ነው። ትምህርት ቤቶች በሰኔ ማብቂያ ተዘግተው በመስከረም ስለሚከፈቱ፣ ነገሩን በሩቁ የሚያይ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ክፍተት ያለ ይመስለዋል። ሒሳቡን የሚያርሙት ግን አያት ናቸው። እንደ እሳቸው አስተያየት ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ሳይፈሰክ፣ ምን ተቀላቅሎበት እንደተሠራ በማይታወቅ ምግብ መካከል መገኘት ተገቢ አይደለም፤ ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፤ ፍልሰታን የሚጾሙት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ስለሆኑ ነገሩ ለክርክር አይመችም። ስለዚህ እስከ ፍልሰታ ያለው ክፍተት ወደ 26 ቀናት ይወርዳል።

ከእነዚህ ቀናት ላይ የታላቅየው የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ የታናናሾቹ የክረምት ትምህርት መጀመሪያና ወላጅ በአካል ካልቀረበ የማይፈጸመው የአዲሱ ዓመት ምዝገባ በየተራ ይቀነሳሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ተጨማሪ ቀን የዓመት ፈቃድ ቢሰጥም፣ የአባትና የእናት ፈቃድ በአንድ ሳምንት እንዲውል የሚያስገድድ አንቀጽ አልያዘም። በመጨረሻም የመካከለኛው ልጅ ልደት አለ። አየር መንገዶች በልጅ ዋጋ የሚያሳፍሩት በተለምዶ ከ2 እስከ 11 ዓመት ያለውን በመሆኑ፣ ሐምሌ 21 ቀን 12 ዓመት የሚሞላው ልጅ ከዚያ ቀን በፊት ጉዞ መጀመር ይኖርበታል። ልጁ ትልቅ ሰው ለመሆን ቀን እየቆጠረ፣ አባቱ ደግሞ ያንኑ ቀን ለመቅደም እየተጣደፈ የሚኖሩበት ይህ ወቅት፣ በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ የአባትና የልጅ ፍላጎት ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተለያየበት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የተጣራው ክፍተት ዘጠኝ ቀን ነው።

፬. የከተማ መረጣ

ጉባኤው የሚሰየመው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው። አባት ይመራል፣ እናት ትወስናለች፤ የዚህ የሥልጣን ክፍፍል ምክንያት ዕቁቡ በእናት ስም መሆኑ ነው። በእጩነት የሚቀርቡት ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው።

ናይሮቢ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ የማትጠይቅና በሁለት ሰዓት ገደማ በረራ የሚደረስባት በመሆኗ በአባት ትደገፋለች፤ ሆኖም በሐምሌ እሷም ብርድ ስለሆነች ከሹራብ ወደ ሹራብ መሄድ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። በከተማይቱ ጥግ ባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ ይታያል መባሉም የታሰበውን ያህል አይረዳም፤ ባለ ጥቁር ጎፈሩን አንበሳ ስድስት ኪሎ ላይ ስታኖር በቆየች ከተማ ላደገ ቤተሰብ፣ አንበሳ ለማየት ዶላር መመንዘር የሚዋጥ ነገር አይደለም። ኢስታንቡል በሐምሌ አየሯ ከሦስቱም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የባንክ መግለጫ ትጠይቃለች፤ የባንክ መግለጫውም ዕቁብን አያሳይም። ዱባይ ትቀራለች። ዱባይ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየበጋዋ ታላቅ የዋጋ ቅናሽ የምታውጀው ሙቀቱን ሸሽቶ የሚቀረውን ገበያተኛ ለመሳብ ሲሆን፣ የእሷ በጋ ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም የኢትዮጵያ ተማሪ ዕረፍትና የዱባይ ቅናሽ የተጣጣሙት ያለ ማንም ድርድር ነው። 828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ይታያል፣ ደይራ ገበያ ውስጥም ሽሮ ይገኛል፤ በጉባኤው ላይ ሞቅ ያለ ድጋፍ የሚያገኘው ሁለተኛው ነጥብ ነው።

ልጆች በጉባኤው ድምፅ ባይኖራቸውም መመዘኛ አላቸው። መመዘኛቸውም ሦስት ነው፤ ዋና፣ ሊፍት፣ እንዲሁም ቁርስ ላይ ራሳቸው እየቀዱ የሚጠጡት ጭማቂ። እነዚህ ሦስቱም ሐዋሳና ቢሾፍቱ ውስጥ በሚገባ እንደሚገኙ በጉባኤው የሚያነሳ ሰው የለም፤ ምክንያቱም መመዘኛው የልጆች ይሁን እንጂ ጉዞው የልጆች መሆኑ ገና አልተረጋገጠም።

፭. ሰነድና ምንዛሪ

የልጅ ፓስፖርት የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ወረዳን ይፈልጋል፤ ወረዳ ወላጆችን ከነመታወቂያቸው ይፈልጋል። ፓስፖርት ያለውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን ስላለበት፣ ከዓመታት በፊት የነበረ ዕቅድ ያስወጣው ፓስፖርት ለዘንድሮው ዕቅድ ሲደርስ ሊያረጅ ጥቂት የቀረው ሆኖ ይገኛል። ማንኛውም ሰነድ ሌላ ሰነድ የሚወልድበት ይህ ሥርዓት በጥናቱ «የሰነድ ዘር» ተብሎ ተሰይሟል። ባንክ የጉዞ ዶላር የሚሸጠው ትኬት ለያዘ ነው፤ እናት ትኬት የምትገዛው ደግሞ ዶላሩ መገኘቱን ስታውቅ ነው።

በዚህ መካከል «ከርሞ» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ይመጣል። «ከርሞ» በተለመደው ፍቺ የሚመጣው ዓመት ሲሆን፣ በጉዞ ዕቅድ ውስጥ ግን ራሱን የቻለ መዳረሻ ነው፤ ቪዛ አይጠይቅም፣ ኪሎ አይገድብም፣ ማንም ሄዶበት ቅር ብሎት አልተመለሰም። ብቸኛው ጉድለቱ መወደዱ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጉዞውን ለከርሞ ያስተላለፈ ቤተሰብ፣ ያን ጊዜ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከርሞ እየራቀ የሚሄድ ከተማ መሆኑን በገንዘቡ አረጋግጧል።

፮. የኪሎ ሕግ

ዕቅዱ ከእነዚህ ሁሉ ተርፎ ሻንጣ እስከ ማውረድ የደረሰ እንደሆነ «አደራ» ይጀምራል። አደራ ማለት ተጓዡ የማያውቀው ሰው ለሌላ ለማያውቀው ሰው በተጓዡ ሻንጣ የሚልከው ምግብ ነው። በብዙ መስመሮች ለአንድ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ስለሚፈቀዱ፣ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 230 ኪሎ የሚያነሳ የጭነት ድርጅት መሆኑን ከራሱ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። እትዬ እንትና በር ላይ ቆመው «የኔ ልጅ፣ አንድ ኪሎ ብቻ ናት፤ ለልጄ በርበሬ» ሲሉ፣ «አንድ ኪሎ» የክብደት ሳይሆን የትሕትና መለኪያ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል፤ ከዚህች አንድ ኪሎ ጋር ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ በሶውና ዳቦ ቆሎው እንደ አጃቢ ይከተላሉ።

ክብደቱ የሚጣራው መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ በሚቀመጥ ልጅ ዘንድ ነው። አባት በመጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን አቅፎ ይወጣል፤ ከኋለኛው ቁጥር ፊተኛው ሲቀነስ የሻንጣው ክብደት ይገኛል። ባለ ሚዛኑ ጮክ ብሎ «ሰማንያ አራት!» ሲል ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ የአባትን ኪሎ ያውቃል፤ «መቶ ዘጠኝ!» ሲል ደግሞ ሻንጣው 25 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ኪሎ የተረፈው መሆኑ ይታወቃል። ሒሳብ ላይም «ጋሼ፣ ሁለቴ እኮ ነው የተመዘኑት» የሚል ክርክር ይነሳል። ሁለቱ ኪሎ ሲቀነስ የሚወጣው አደራው አይደለም፤ አደራ አይነካም። የሚወጡት የልጆቹ የክረምት መልመጃ ደብተሮች ሲሆኑ፣ ይህ በጠቅላላው ዕቅድ ውስጥ ልጆቹ ያለ ተቃውሞ ያጸደቁት ብቸኛ ውሳኔ ነው።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ የቤተሰብ የውጭ ጉዞ ዕቅድ አያት በጾም፣ ጎረቤት በኪሎ፣ ባንክ በትኬት፣ ልደት በዋጋ የሚሳተፉበት ሰፊ ተግባር ሲሆን፣ ልጆች የሚገቡበት በስም ነው። አብዛኛው ዕቅድ የሚያበቃው በከርሞ ነው። ማካካሻውም ሐዋሳ ሁለት ሌሊት ሲሆን፣ የመዋኛ ገንዳ ፎቶግራፍ አገሩን ስለማይናገር ከሰፈር ጥያቄ አያስነሳም፤ አደራዎቹ ግን አንድ በአንድ ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፣ ከድርቆሹ በቀር።

ከሐዋሳ መልስ ቤተሰቡ የተኮናተረው መኪና በለቡ በኩል ሲያልፍ፣ በመስኮት ወደ ባቡር ጣቢያው የሚመለከት የዘጠኝ ዓመት ልጅ «አባዬ፣ ይሄ ባቡር የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ጅቡቲ» ይባላል። «ጅቡቲ ሌላ አገር አይደለም እንዴ? ታዲያ ውጭ ለመሄድ ለምን እዚህ አልተሳፈርንም?»

ይህ ጥያቄ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።