ካሜራችሁን ክፈቱ፣ ገዳሪፍ!

በየቦታው ተበትነው ለሚሠሩ ባልደረቦች የመገናኛ ቴክኖሎጂ መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በተለይ መራጩ ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ ተቀምጦ፣ ሠራተኛው ደግሞ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ ኡም ራኩባና ሐምዳይት ሲሆን ድካሙ እጥፍ ነው። የመራጩን ድካም ማለቴ ነው።

እንግዲህ የእርዳታ ድርጅቶቻችንን ትጋት እናመስግን። መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ቀጥሎ በኤክሴል ሰፊ ሰንጠረዥ ይወጣል፤ ዙም፣ ቲምስና ስላክ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ስብሰባውን ቀድቶ ያስቀምጣል? ከተናጋሪው ጀርባ የባሕር ዳርቻ ያሳያል? የጭብጨባ ምልክት አለው? ሁሉም ነጥብ ይሰጠውና አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይቀባል። «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» የሚል መስመር ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ለምን ይኑር? ኮሚቴው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ጠፍቶ አያውቅማ!

በ2016 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ ላይ ጦርነት ላይ ያለችው ሱዳን የሞባይል ኩባንያዎቿ ዜይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ ተከታትለው ጸጥ አሉባት። ድንበር ተሻግሬ መተማ ላይ ኢንተርኔት ልጠቀም ያለም አልተሳካለትም፤ በዚህኛው ወገን፣ በአማራ ክልል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት አልፈውት ነበር። ገላባትንና መተማን የምትለየው አንዲት ድልድይ ናት። በዝምታው ግን ሁለቱ አገሮች ያለ አንዳች ስምምነት ተባብረዋል። ሰው ገንዘብ የሚላላክበት የካርቱም ባንክ መተግበሪያ፣ ባንካክ፣ ከኔትወርኩ ጋር አብሮ ተሰወረ። ጥሬ ገንዘብ መያዝ ለሌባ ያጋልጣል ሲሉ የነበሩ አዋቂዎች ልክ ነበሩ፤ ባንካክ ውስጥ ያለውን ሌባ ቀርቶ ባለቤቱም አላገኘውም።

ሠራተኛው እንግዲህ የስታርሊንክ ሳተላይት ኢንተርኔት የተተከለበት ሱቅ ደጃፍ ሄዶ፣ በሰዓት ከፍሎ፣ ከተኮለኮለው ሰው መሐል ይቀመጣል። ኮሚቴው የመረጠለትን ይከፍታል። መተግበሪያው መጀመሪያ «ልታደስ» ይላል። ታድሶ ሲጨርስ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቃሉ ሲገባለት ደግሞ ለደኅንነትህ ብዬ ማረጋገጫ ቁጥር በስልክህ ልኬልሃለሁ ይለዋል። በየትኛው ስልክ? በዚያው በሞተው የዜይን ቁጥር! ደኅንነቱ እንዲህ ከተጠበቀ በኋላ የከፈለበት ሰዓት ሊያልቅ ይቃረባል። ሠራተኛውም የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ተሻምቶ በዋትስአፕ ድምፁን ይልካል፦ «ደኅና ነን፤ የውኃ ቦቴው አልመጣም፤ መድኃኒት አልቋል።» ናይሮቢ ያለች ረዳት ያንን ሰምታ በቲምስ ላይ ትጽፈዋለች። በወሩ ሪፖርት ላይ ምን ይባላል? የመስክ ባልደረቦች አዲሱን መገልገያ በሚገባ እየተጠቀሙበት ነው።

ድሮ በየመኪናው ላይ ኮዳን ሬዲዮ ነበር። በመኪና ባትሪ ይሠራል፣ የማንንም ምሰሶ አይለምንም። ኮሚቴው «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ነጥብ ነሳው። እውነት ነው፤ ጭብጨባ አይልክም። የገዳሪፍ ሰሊጥ ነጋዴም በየእርሻው የተበተነውን አጫጅ በወኪልና በትራክተር ሹፌር አፍ ብቻ ሲያስተዳድር የኖረው ሰንጠረዥ የሚያወጣለት ሰው አጥቶ ይሆናል፤ ምስኪን!

ክረምት ሲገባማ ጨዋታው ይደምቃል። የገዳሪፍ ዋልካ መሬት ዝናብ ሲጠግብ መኪና ይውጣል፤ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ሸሽተው ኡም ራኩባና ቱናይድባ ለሰፈሩት ስደተኞች የሚሄደው ዕቃ በትራክተር የተጎተተባቸው ጊዜያት ነበሩ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ የሚያነሳ ባልደረባ በስብሰባው ላይ ድምፁ ሲቆራረጥ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ካሜራህን ብትከፍት ጥሩ ነበር፣ የቡድን መንፈስ ያጠናክራል።»

ኮሚቴው ግን ሠራተኛውን ሳይጠይቅ አልቀረም፤ አልጠየቀም ብሎ ማማት ኃጢአት ነው። መጠይቅ ተዘጋጅቶ፣ ቪዲዮ ተያይዞለት፣ በኢንተርኔት ተልኳል፤ የመመለሻው ጊዜ እስከ ዓርብ ነበር። ውጤቱም በቀለም ተሠርቶ ለአለቆች ቀርቧል፦ ከኡም ራኩባ አንድም ቅሬታ አልመጣም።