የስምንተኛው ዓመት ጭላዳዎች

በሰሜን ተራሮች፣ ከሳንቃ በር ወደ ጨነቅ በሚወስደው አፋፍ ላይ አንድ የጭላዳ አገር ነበር። ዘመኑ የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከመዛወራቸው በፊት ነው። ገብሱ እስከ ገደሉ አፋፍ ይታረስ፣ በግና ፍየሉ እስከ ጅብራው ሥር ይግጥ ነበርና ለጭላዳ የሚተርፈው ሣር ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። ጭላዳ ደግሞ እንደ ዝንጀሮ ያገኘውን ሁሉ አይበላም፤ ኑሮው ሣር ነው። ማለዳ ከገደል ይወጣና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን እያፈራረቀ ሣሩን በጣቱ ጫፍ ይነጫል። እጁ ሲሞላ ወደ አፉ ይሰዳል፣ ሳይነሣ በመቀመጫው ፈቀቅ ይላል፣ ደግሞ ይነጫል። እንዲህ ሲል ይውላል። ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት የገደል ጠርዝ ወርዶ ያድራል።

ከጥልቁ ሸለቆ ማዶ ጓሳው የማያልቅ ሌላ ተራራ አለ። ስምንተኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ተፈትኖ ወደዚያ ይሻገራል። እኛ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ የምንለው ዓይነት ፈተና ነው፤ ያለፈ ይሄዳል፣ የወደቀ እዚያው ይቀራል። የልጆቹ መምህር ቁራ ነበር።

ሣሩ በጣም በሳሳበት ዓመት ሸንጎ ተጠራ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ከሁሉ የደመቀው አያ ጎፈር ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ ማዶ ያልተሻገረ ልጅ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ረሃብ ነው። ስለዚህ ስምንተኛ ዓመት የገባ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ጨዋታ ያቁም! መሯሯጥ፣ መንጠልጠል፣ ጅራት መጎተት የሕፃን ነው። ቁጭ ብለው ያጥኑ።»

የተቃወመ አልነበረም። በክፋት አይደለም፤ ልጁን የሚወድ ወላጅ ሲፈራ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ፍርሃታቸውም እውነተኛ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆቹ ሁሉ ወደ ጠርዙ ይወርዱና እስኪጨልም አባሮሽ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ያመልጣል፣ አንዱ ይከተላል። የሚያመልጠው እግሩን ሳያይ ይዘላል፤ ድንጋዩ ጠንካራ ይሁን ልል የሚነግረው የእግሩ ጣት ነው። ካዳለጠው በአንድ እጁ ይንጠለጠላል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ እሱም እየሳቀ ይወጣል። ትልልቆቹ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያዩት ኖረው፣ ከጨዋታ የዘለለ ነገር አለው ብለው አስበው አያውቁም።

አሁን የስምንተኛው ዓመት ልጆች ማታ ማታ በቁራ ፊት ተደርድረው ይቀመጣሉ።

«ወደ ማዶ የሚወስዱ ጠርዞች ስንት ናቸው?»

«አርባ!»

«ሦስተኛው?»

«ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ውኃ የሚያዝል!»

መምህር ቁራ ገደሉን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ከላይ ነው። ክንፍ ያለው ፍጡር እግር የት እንደሚያዳልጥ ለማወቅ ተቸግሮ አያውቅም።

ከልጆቹ መካከል ድንቡሼ የሚባለው በትምህርቱ አንደኛ ነበር። እናቱ ጠዋት ማታ «አንተ እኮ አሁን ትልቅ ሆነሃል» ትለዋለች። ከሱ የሚያንሱ ጓደኞቹ ሲመሽ ከታች ሆነው ስሙን ይጠራሉ። መጀመሪያ ላይ እንዳይሄድ ራሱን ይታገል ነበር። ቆይቶ መታገሉ ቀረ፤ ሲጠሩት ፊቱን አዙሮ «እናንተ ሕፃናት» ይላቸው ጀመር። በመጨረሻ እነሱም መጥራቱን ተዉት። ከዚህ ተረት ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ልጅነቱን የቀሙት ሌሎች ሆነው ሳለ፣ እሱ ራሱ የጣለው እስኪመስለው ድረስ መድረሱ።

ቡቃያም እኩያው ናት። እሷም «ትልቅ ሆነሻል» ተብላለች፤ የሷ ትልቅነት ግን የሚፈለገው ለሥራ ነው። ሥር ስትቆፍር ትልቅ ናት፣ ታናሽ ወንድሟን ስታዝል ትልቅ ናት። ሸንጎ አጠገብ አንዲት ቃል ስትተነፍስ ግን «አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» ይባላል። በጭላዳ ደንብ ደግሞ የትውልድ ቤቱን ለቆ የሚሄደው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ትቀራለች። ስለዚህ ቡቃያ ብትፈተንም እንደማትሻገር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች።

የወንድሟ ስም ሚጢጢ ነው። ሚጢጢ ከጀርባዋ በወረደ ቁጥር ወደ ገደሉ ይሮጣል፣ እሷም ተከትላው ትሮጣለች። ከጠርዝ ሥር ይደበቅባታል፤ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ ፈልጋ ታወጣዋለች። አንዳንዴ ማን ማንን እንደሚያባርር አይታወቅም ነበር። ሕፃን መጠበቅ ሥራ ነውና ተጫወትሽ ብሎ የተቆጣት የለም።

ፈተናው መጣ። ድንቡሼ አርባውንም ጠርዝ ሳይሳሳት ስለቆጠረ አንደኛ ወጣ፤ እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ቡቃያ መሃል ላይ ሆና አለፈች፤ የጠየቃት አልነበረም።

የመሻገሪያው ቀን ንጋት ጉም ነበር። ወረዳ ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶ ዘጠነኛ ክፍል የሚማር የገጠር ልጅ ድርቆሽና በሶ እንደሚቋጠርለት፣ እናቶች ለተሻጋሪዎቹ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ስንቅ አሳቀፏቸው። ድንቡሼ ከፊት ሆኖ ወረደ፤ አምስት ልጆች ተከተሉት። አንደኛውን ጠርዝ አለፉ፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እግሩ ሸርተት አለና በሁለት እጁ ድንጋዩን አቅፎ ቀረ። «ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ውኃ የሚያዝል» ይላል፤ ትምህርቱ አልጠፋውም። የእግሩ ጣቶች ግን የት እንደሚያርፉ አያውቁም። ከኋላው ያሉትም ባሉበት ደረቁ። ከአፋፉ ወላጆች «ግራህን! አይ፣ ቀኝህን!» እያሉ ይጮኻሉ። ቁራ ከላይ እየዞረ ትምህርቱን ይደግማል። ፀሐይ ወጣች፣ ረፈደ፣ የተነቃነቀ የለም።

ቡቃያ ሚጢጢን እንዳዘለች ወረደች። ማንንም አላስፈቀደችም። በልጆቹ አጠገብ አልፋ ድንቡሼ ጋ ስትደርስ ጅራቱን ጎተተችውና ወደ ቀጣዩ ጠርዝ ዘለለች።

«አትይዘኝም!» አለችው።

«ተይኝ! እወድቃለሁ!»

«አትይዘኝም አልኩህ!»

ሚጢጢ ከጀርባዋ ሆኖ ሳቀበት። ድንቡሼ እንባውን እያፈሰሰ አንድ እጁን ከድንጋዩ ለቀቀና ወደሷ ሰነዘረ። አመለጠችው። ሌላውንም እጁን ለቀቀ። አሥረኛው ጠርዝ ላይ መድረሱን የተመለከተው ቁራ እንጂ እሱ አልነበረም። አምስቱም እየተንጫጩ ተከተሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ማዶ ነበሩ።

ማታ ቡቃያ ወንድሟን አዝላ ተመለሰች። ሸንጎው ተሰብስቦ ጠበቃት። አያ ጎፈር ጨዋታን የከለከለውን ድንጋጌ በዚያው ሌሊት ሻረ፤ ላወጣውም ሕግ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። መምህር ቁራም ከእንግዲህ ትምህርቱ በጠርዙ ላይ እንዲሆን ራሱ ለመነ። ይህ ሁሉ ያለ ክርክር አለቀ። ክርክሩ የተነሣው ቡቃያ «እኔስ? አልፌያለሁ እኮ፤ መቼ ነው የምሻገረው?» ብላ ስትጠይቅ ነው።

«ደንቡስ?» አለ አንዱ። «ሕፃኑን ማን ያዝላል?» አለ ሌላው። «ገና ልጅ ናት» አለ ሦስተኛው።

በዕድሜ ከሁሉ የምትበልጠው እመት ግራጫ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር።

«ሥር ስትቆፍር ትልቅ ነሽ አላችኋት። ልጆቻችሁን ከገደል ስታወጣ ማንም ልጅ ናት አላለም። ሚጢጢ እናት አለው፣ አባት አለው፣ እነሱ ይዘሉት። እባካችሁ ልጆቼ፣ ልቀቋት ትሂድ!»

ለቀቋት።