አትፈትጉት እባካችሁ!

ሰበታም ኑሩ፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም፣ የድሮ ገንዘብ እንደምትሰበስቡ ከታወቀ ስልካችሁ እረፍት የለውም። «የምኒልክ ወርቅ ይዣለሁ፤ ቶሎ ካልመጣህ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው።» ደላላ ሁሉ ንግግሩ አንድ ነው። ፎቶ ላክ ስትሉት ብዥታ ይልክላችኋል፤ ስንት ግራም ነው ስትሉት «ከባድ ነው» ይላችኋል። በዚህ መንገድ መጨናነቅ ከሰበታ ተነስቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ እንጦጦን ወጥቶ ሱሉልታ መድረስ ቀን ይበላል። ደርሳችሁ የምታገኙት ብር ነው፤ ያውም ፎርጅድ ካልሆነ። ምኒልክ ወርቅም አስቀርጸዋል፤ ግን ብርቅ ነው፣ በየደላላው ኪስ አይገኝም።

ብሩስ ቢሆን መቼ ተናቀ? የ1887ቱ የምኒልክ ብር ፓሪስ የተመታ፣ 28 ግራም የሚመዝን ነው። ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ የላቲን ፊደል «ኤ» የፓሪስ ምልክት ናት። የፈረንሳይ ነገሥታት ወርቃቸውን በመዶሻ እየቀጠቀጡ በሚያስመቱበት በ16ኛው መቶ ዘመን ለየከተማው ፊደል ሰጥተው ነበር፤ ፓሪስ ኤ፣ ሩዋን ቢ፣ ሊዮን ዲ። ዛሬ አንድ ፈረንሳዊ ሰብሳቢ የዚያን ዘመን ወርቅ ሲያነሳ ፊደሉን አይቶ የት እንደተመታ ይናገራል። ያቺው ኤ በእኛ ንጉሥ ብር ላይ አለች፤ እኛ ግን በአመድና በሎሚ እንፈትጋታለን!

ባለፈው ቡራዩ አንዲት እናት ብራቸውን አሳዩኝ። የአንበሳው ጋማ ልሙጥ ሆኗል፣ የዘውዱ ጌጥ ጠፍቷል፣ ፊደሉ በጣት እንኳ ቢዳሰስ የለም። «ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ምን ይባላል? የፈተጉት ጥቁረት ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ ብሩ በዕድሜው ያወጣው ቆዳ እንደሆነ ማን ነገራቸው?

የማርትሬዛው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» እያሉ ዋጋ ይሰቅላሉ። ቪየና፣ ለንደን፣ ሮም፣ ቦምቤይ ሁሉ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲመቱት ኖረዋል፤ ቪየና ዛሬም ይመታል። ይህን ስታስረዱ ዋጋ ለማውረድ የምትዋሹ ይመስላቸዋል፤ ተናደው አንጥረኛ ዘንድ ወስደው ያስቀልጡታል። አያቶቻችን በስተው አንገታቸው ላይ ቢያስሩት ጌጣቸው ነበርና አልከፋም። ዛሬ በግራም ተመዝኖ ቀለበት ሲሆን ግን ያንገበግባል።

ከሁሉ የሚከፋው የአክሱሙ ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ በመዶሻ የተመታ የራሳችን ወርቅ አለን፤ ንጉሥ ኢዛና በጨረቃ ምልክቱ ቦታ መስቀል ያስገባበት። እ.ኤ.አ. በ1977 የመን ውስጥ አል ማዳሪባ ላይ 326 የአክሱም ወርቆች ከሮማውያን ወርቅ ጋር በአንድ ላይ ተገኙ፤ አብረው በመገኘታቸው ስለ ዘመኑ ንግድ ብዙ ተነገረ። እዚህ ግን በሹክሹክታ «አክሱም አለ» የሚላችሁ ሰው የት ተቆፍሮ እንደወጣ ብትጠይቁት ስልኩን ይዘጋዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ሻጩ ግን የሚያወራው ስለ ዶላር ነው።

እባካችሁ፣ በእጃችሁ ያለው የአክሱም ከሆነ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። ሌላውን በሁለቱም በኩል በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንሱት፣ መዝኑት፣ ከዚያ ለሰብሳቢ ደውሉ። አመዱንና ሎሚውን ተዉት።