ፎርማት ይፈልጋል

ሊኑክስ የተጫነበት ዴስክቶፕ ዋይፋይ አልይዝ ሲል የጥገናው ዓለም ለምርመራ የሚያባክነው ጊዜ የለውም። ሲፒዩው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ፣ ገመዱ ሳይሰካ፣ ባለቤቱም «ትናንት ማታ እኮ…» ብሎ የጀመረውን ሳይጨርስ ፍርዱ ይወርዳል፦ «ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ይፈልጋል።» ሰው እንኳ ምን ትፈልጋለህ የሚለው በጠፋበት ጊዜ፣ ኮምፒውተር ሳይጠየቅ የሚፈልገውን የሚያውቅለት ማግኘቱ ያስቀናል።

ይህን ጥበብ የሚያቃልሉ አሉ፤ ግፍ ነው። ፎርማት የሚታይ ሥራ ነው። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሞላ ደንበኛው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በዓይኑ ያያል። ፎርማት ክርክር ይዘጋል። ማስረጃው ከዲስኩ ጋር ስለሚጠፋ ችግሩ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ያልታወቀ ችግር ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፤ ተመልሶ ሲመጣም ዳግም ይከፈልበታል። ከሁሉ በላይ ፎርማት ሸክም ያራግፋል። የልጆቹን ፎቶ፣ ግማሽ የደረሰውን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቁን የዓመት ሒሳብ ሁሉ ጠራርጎ ባለቤቱን እንደ ሕፃን ንጹሕ አድርጎ ይመልሰዋል። «ባክአፕ አልያዝክም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢመጣ ሥራ ያጓትታል።

ከዚያ ማሽኑ አምሮበት ይነሳል። አዲስ የጀርባ ሥዕል፣ አዲስ ፓስዎርድ፣ ባዶ ዴስክቶፕ። ዋይፋይ የለም።

ይህ የሚገርመው ዋይፋይ ዲስክ ላይ ይቀመጣል ብሎ ለሚያምን ሰው ብቻ ነው። ቺፑ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ፣ ወይም ከውስጥ በተሰካች ካርድ፣ ወይም ከጀርባ በተሻጠች የዩኤስቢ አዳፕተር ውስጥ ነው። ዲስኩ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እሱ የተቀጣው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው። ያው የመጫኛ ፍላሽ ያንኑ ከርነል (የሊኑክሱን እምብርት)፣ ያው ከርነል ያንኑ ጉድለት መልሶ ይጭናል። አዲስ ስሪት ተጭኖ ቢሠራ እንኳ ያዳነው አዲሱ ከርነል ነው፤ እሱን ደግሞ አንድም ፎቶ ሳይጠፋ መጫን ይቻል ነበር።

ለሙያው ትልቁ እንቅፋት ሊኑክስ ራሱ ነው፤ ምስጢር አይቋጥርም። ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ያየውን፣ የነካውን፣ ያቃተውን ሁሉ ይጽፋል። ተርሚናል ተከፍቶ «ኤልኤስፒሲአይ» ቢባል ከውስጥ የተሰኩትን፣ «ኤልኤስዩኤስቢ» ቢባል በዩኤስቢ የገቡትን እየዘረዘረ ይናገራል። የአምራቹ መለያ ቁጥር እንኳ አይቀረውም፤ በፒሲአይ ዝርዝር 8086 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ቺፑ የኢንቴል መሆኑን አወቀ ማለት ነው። «ዲሜሴጅ» ሲባል ደግሞ ከርነሉ ብሶቱን ያወጣል። ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑን የሚያንቀሳቅሰውን ፋይል፣ ልጭን ሞክሬ አልተሳካልኝም፣ ስህተቱም −2 ነው ብሎ የፋይሉን ስም ጭምር ይጽፋል። −2 ማለት የተባለው ፋይል የለም ማለት ነው። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም። ታዲያ እንዲህ ያለ ወሬኛ ማሽን ፊት ምን ክብር ይገኛል? አፉን በፎርማት መዝጋት ይሻላል።

እውነተኞቹ መድኃኒቶችም ርካሽ በመሆናቸው ሙያውን ያዋርዳሉ። ከጠረጴዛው ንቅንቅ ብሎ የማያውቅ ዴስክቶፕ የአውሮፕላን ሁነታ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ «አርኤፍኪል» የተባለችው ትእዛዝ ዋይፋዩ መታገዱን ትናገራለች፣ እገዳውንም በአንድ መስመር ታነሳለች። ለአንድ መስመር ማን ይከፍላል? ዋይፋይ ያለው ማዘርቦርድ ከጀርባው ሁለት የአንቴና ማሰሪያ አለው፤ አንቴናዎቹ ግን ካርቶኑ ውስጥ ቀርተዋል፣ ካርቶኑም ተጥሏል። ባለሙያው በብረት ሳጥን የተከበበውን አንቴና አልባ ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎ የተሻለ ሲግናል ይጠብቃል።

የዩኤስቢዋ አዳፕተር ጉድ ደግሞ ብቻውን ምዕራፍ ይወጣዋል። አንዳንዷ ስትሰካ ዋይፋይ ነኝ አትልም፤ የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘች ሲዲ ነኝ ትላለች። «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለው ፕሮግራም ይህን ማስመሰል እንድትተው ያደርጋታል፤ ፎርማት ግን ከሲዲነቷ አያወጣትም። ሌላዋ በትክክል ትሠራለች፣ ግን ከዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ጎን ስለተሰካች ኢንተርኔቷ ይቆራረጣል። ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጩኸት እንደሚያወጣ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። መፍትሔው አዳፕተሯን በማርዘሚያ ገመድ ከዚያ ማራቅ ነው። ገመድ ግን መስመር እየሞላ አይሄድም፤ ደንበኛው ምን ያያል?

ሊኑክስና ዊንዶውስ በአንድ ሲፒዩ ውስጥ ከሆኑም ጥፋቱ የጎረቤት ሊሆን ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፈጣን ማስነሻ ኮምፒውተሩን የዘጋ ያስመስላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ዋይፋይ ካርዱንም አንዳንዴ ተጠርንፎ እንደታሰረ ይተወዋል። ሊኑክስ ሲነሳ ካርዱ አይታዘዝለትም። ዊንዶውስ ገብቶ ያንን ማስነሻ ማጥፋት ይበቃ ነበር። ፍትሕ ግን ፍትሕ ነውና የሚደመሰሰው ሊኑክስ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። 8.8.8.8 የተባለውን የኢንተርኔት አድራሻ ፒንግ ያደረገ ሰው መልስ ካገኘ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ የጎደለው ብዙውን ጊዜ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ መሆኑን በሰከንዶች ይለያል። ይህን መለየት ግን ማሰብን ይጠይቃል፤ ፎርማት ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

እርግጥ ሙያው ከመሬት አልበቀለም፤ ያገዙት አሉ። አምራቾቹ ለዓመታት ቺፕ ሸጠው ስለ ቺፑ አሠራር አንድ ገጽ ሳይሰጡ ኖረዋል። የብሮድኮም ዋይፋይ የገዛ ሊኑክስ ተጠቃሚ «ኤንዲስራፐር» በተባለ ፕሮግራም የዊንዶውስ ኤክስፒን ድራይቨር ሊኑክስ ውስጥ አስገድዶ ያስነሳ ነበር። ሌሎች ደግሞ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር እየፈታ ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ፤ ሌላው ቡድን ያንን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ አዲስ ድራይቨር ሠራ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ብሮድኮም ራሱ ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ምስኪኖች! ያን ሁሉ ሌሊት ከማንበብና ከመጻፍ ይልቅ አንድ ጊዜ ፎርማት ቢያደርጉ ኖሮ።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭትም የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር አላስገባም ብሎ ይፋዊ መጫኛውን ለዓመታት ንጹሕ አድርጎ ጠበቀ። ውጤቱም ፈርምዌሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ፈርምዌሩ ያስፈልጋል የሚል የተዋበ ክብ ሆነ። ድምፅ ተሰጥቶበት ፈርምዌሩ ይፋዊው መጫኛ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ፈርምዌር የጎደለውን ማሽን ፎርማት ያደረገ ሁሉ ወደዚያው ክብ፣ ከመጀመሪያው ነጥብ፣ በአዲስ ጉልበት ተመልሷል።

ከፎርማት ማኅበር ቀጥሎ ሁለተኛ ማኅበር አለ፤ የለጣፊዎች። እነዚህ በስልክ የሚያክሙ ናቸው። «ይቺን ኮፒ አድርገህ ለጥፋት» ይላሉ፤ መስመሩ በ«ሱዶ» ይጀምራል፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይገባል፤ ቀጥሎ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው! አንድ መስመር ለአንድ ሰው ስለሠራ ለሁሉም ይታዘዛል። ቲፒ-ሊንክ ደብሊውኤን722ኤን የተባለችው አዳፕተር በመጀመሪያው ስሪቷ የአቴሮስ ቺፕ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ የሪልቴክ ቺፕ ይዛ በዚያው ስም ተሸጣለች። የመጀመሪያዋን የያዘ ሰው የሠራለትን ትእዛዝ ሁለተኛዋን ለያዘው ይልክለታል፤ ያልሠራለት እንደሆነ ጥፋቱ የለጠፈው ነው፣ በደንብ አልለጠፈም። ቢሠራ እንኳ በእጅ የተጠናቀረው ድራይቨር በየአዲሱ ከርነል መልሶ የሚያጠናቅረው ዲኬኤምኤስ ካልተያያዘለት ከርነሉ በታደሰ ማግሥት ይጠፋል። ያኔም ምክር አይጠፋም፤ «ዝማኔውን ዝጋው» ይባላል። በሩን ለሌባ ክፍት መተው የዋይፋይ ጥገና ሆኖ ያርፋል።

ሁለቱም ማኅበራት ሲያቅታቸው አንድ የጋራ መደምደሚያ አላቸው፦ «ሊኑክስ ለዚህ አገር አይሆንም።» ከዚያ ከመሳቢያ የቆየች ፍላሽ ትወጣለች፤ ፈቃዱ የማይታወቅ ዊንዶውስ ይጫናል፤ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው ድራይቨር ስለተገኘለት ነው እንጂ ስለ ፎርማቱ አይደለም። ክብሩን ግን ፎርማት ይወስዳል።

በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ሰው የዚህ ልማድ ዋጋ ቀልድ አይደለም። የኡቡንቱ ሊኑክስ 24.04 መጫኛ ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ነው፤ የጎደለችው ፈርምዌር ግን ከዚያ አንጻር ኢምንት ናት። እሷንም ለማምጣት መጫኛ አያሻም። አንድሮይድ ስልክን በገመድ ሲፒዩው ላይ ሰክቶ የዩኤስቢ ቴዘሪንግን ማብራት ይበቃል፤ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ድራይቨር ያውቀዋል፣ ስልኩ የያዘውን ዋይፋይም ያሳልፍለታል። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት አገኘ፣ ፈርምዌሩ ወረደ፣ ማሽኑ ጠፍቶ በራ። ፎቶው እንዳለ፣ ሒሳቡ እንዳለ።

እንግዲህ ዋይፋዩ እምቢ ያለውን ሲፒዩ ተሸክሞ ለሚሄድ ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይዞ መሄድ ይበቃዋል። ቺፑ የማን ነው? ከርነሉ ስለ እሱ ምን ጻፈ? በስልክ ገመድ ኢንተርኔት ተሰጥቶት ታየ? ባለሙያው ሦስቱን ከመለሰ ዋጋው ይገባዋል፣ ጉርሻም ይጨመርለት። አንዱንም ሳይመልስ እጁን ወደ ፍላሹ ከሰደደ ሲፒዩውን አንሥታችሁ ውጡ። ለመደምሰስማ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በነፃ ትችሉታላችሁ።