የነቬ ሐይም አየር ምን በደለ?

እስራኤል፣ ሐዴራ ከተማ፣ ነቬ ሐይም ሰፈር ውስጥ፣ ሳሎን ለሳሎን የሚደበደበው አየር ምን እንደበደለ እስካሁን የነገረን የለም። ጥፋቱ ግን ከባድ መሆን አለበት። ማታ ከሥራ መልስ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል፤ እስከ ትናንት ከሶፋ ያልተነሣ ሰው ቪዲዮ እያየ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቡጢ፣ ክርን፣ ጉልበትና የጎን እርግጫ ያዘንባል። የዚህ ዘመቻ ስም «ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የማርሻል አርት ካርዲዮ» ይባላል። አሠልጣኙ ጀማሪ አለመሆኑ ከሆዱ ያስታውቃል፤ ተመልካቹ ጀማሪ መሆኑን ግን አሠልጣኙ በምን ይወቅ? ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ፍጥነት ይመታሉ፤ እኩልነት ማለት ይህ ነው።

ጥበቡ ትልቅ የዘር ሐረግ አለው። አሜሪካዊው የካራቴ ሻምፒዮን ቢሊ ብላንክስ ቴኳንዶንና ቦክስን ከሙዚቃ ጋር አዋሕዶ «ታይ ቦ» አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ካሴቱ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንደ ጉድ ተቸበቸበ። ብላንክስ ራሱ ሻምፒዮን የሆነው ከሰው ጋር ተጋጥሞ እንጂ ካሴት አይቶ አልነበረም፤ ይህን ማንሣት ግን የገዢን ስሜት መንካት ይሆናል። ከሐዴራ በስተደቡብ፣ ኔታኒያ ውስጥ ደግሞ ኢሚ ሊችተንፌልድ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ብራቲስላቫ ጎዳና ላይ አይሁድን ከሚያጠቁ ወሮበሎች ጋር ተጋፍጦ ያየውን ይዞ ክራቭ ማጋ የተባለውን ራስን የመከላከል ጥበብ መሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ኔታኒያ ውስጥ አረፈ። ምስኪን! ፊት ለፊት የሚቆም፣ የሚይዝ፣ የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ዕድሜውን ፈጀ። ተጋጣሚ ከሌለ ሽንፈት እንደሌለ ሳይገባው ቀረ።

ነገሩን በቁም ነገር ለሚጠይቅ ግን ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቡጢ ኢላማ ሲያገኝ ኢላማው ያቆመዋል። አየር ምንም አያቆምም፤ በሙሉ ኃይል የተወረወረን ክንድ መያዝ ያለባቸው የራሱ ጡንቻዎች ናቸው፤ እነርሱ ካልተለማመዱ ጫናው ክርኑ ላይ ያርፋል። እርግጫም እንዲሁ ነው። የቆመው እግር ከዳሌ ጋር አብሮ ካልዞረ፣ ጫማውም ወለሉን ነክሶ ከያዘ፣ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ቴኳንዶ ቤት ነጭ ቀበቶ የታጠቀ ልጅ አቋቋም የሚማረው ከፍጥነት በፊት ነው፤ ሲሳሳት አሠልጣኙ አስቁሞ እግሩን ያስተካክልለታል። ስክሪኑ ከዚህ ሁሉ የጨዋ ልጅ ነው፤ ነውር አይቶ አያውቅም። ጉልበት ሲጣመምም ያው «ጎበዝ! እንዲያ ነው!» ይላል።

«ከመቀመጥ ይሻላል» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ሐዴራ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚህ የሰፈረው ወገን እስራኤል ሲገባ የስኳር በሽታ ብርቅ ነበረበት፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው ተስፋፋበት። ገበያ በእግር ሄዶ የሚመለስ፣ ጤፍና ገብስ የሚበላ ሰው አውቶቡስ፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ሲለምድ ሰውነቱ ሒሳቡን አይረሳም። በዚሁ ከተማ የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር አናት ያፌ እ.ኤ.አ. በ1998 «ጠነ ብሪኡት» የተባለውን የጤና ማኅበር ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው፤ ማኅበሩም ማኅበረሰቡን በባህሉና በቋንቋው ስለ ጤና ማስተማሩን ሥራዬ ብሎ ያዘ። እንግዲህ መንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ክርክሩ ልብ ጠብ ይፈልጋል ወይ የሚለው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። ወደ ጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳርቻ ከጎረቤት ጋር እያወሩ መራመድ ይበቃል ማለት ነው። ጉዳቱ ምንድን ነው? ጓንት አይሸጥበትም፣ ጥቁር ሱሪ አይለበስበትም፣ ቪዲዮም አይወጣውም። እስክስታማ ጭራሽ አይነሣ! ሠርግ ላይ ሰዓት ሙሉ ላብ በላብ መሆን ስፖርት ሊባል አይችልም፤ ደስ ይላላ።

«ልጆች ጥዬ የት ልውጣ? ለጂም የሚከፈለውስ ከየት ይምጣ?» የምትል እናት ግን እውነቷን ነው፤ ሽሙጡም ለእርሷ ሲባል ትንሽ ይረፍ። ቤት ውስጥ መሥራት ካለባት ትሥራ፤ ግን በሙዚቃው ግማሽ ፍጥነት፣ ክርን ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ፣ እርግጫ ከጉልበት በታች፣ ዝላይ ሳይኖር፣ ትንፋሽ ሲያጥር በቦታ እየረገጡ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባት አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። በዚህ መንገድ ወር ሙሉ መቀጠል ይቻላል፤ በመጀመሪያው ቀን ሻምፒዮን የሆነ ግን በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ታችኛው ፎቅ ያለው ጎረቤትም ከ14፡00 እስከ 16፡00 ባለው የቀትር ዕረፍት ጣሪያው ስለማይንኮታኮትበት ይመርቃታል።

የቀረው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፤ «ቢያንስ ራሴን መከላከል እማራለሁ» የሚለው። ይህን መካድ አይቻልም። ሌባው ግን አስቀድሞ ጥቂት ነገር ሊስማማ ይገባል፦ ሙዚቃ ሲጀምር እንዲመጣ፣ ስምንት እስኪቆጠር እንዲጠብቅ፣ በቀኝ በኩል ከተመታ በኋላም እንዳይሸሽ፤ በግራ መደገም አለበትና።