ቀይ ቀበሮን ሳያዩ የመሳል ጥበብ

በባሌ ሮቤ ወይም በጎባ ተቀምጠው በታብሌት፣ ከሌለም በስልክዎ ላይ በጣትዎ የሚስሉ ከሆነ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ዓላማው ሥራዎ በኢንስታግራም፣ በቢሄንስ፣ በአርትስቴሽንና በቴሌግራም ቻናሎች ላይክ እንዲጎርፍለት፣ እርስዎም ከሳነቴ አምባ ብርድ ተጠብቀው ዝና እንዲያገኙ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳያዛንፉ ይፈጽሙ።

ከሁሉ አስቀድሞ ከቤት አይውጡ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ጎባ ቁርስዎን በልተው ቢነሱ ምሳ ሳይደርስ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ቆመው ቀይ ቀበሮ ሊያዩ ይችላሉ፤ በዓለም ከቀሩት 500 የማይሞሉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት በባሌ ተራሮች ነውና። ይህ ለዲጂታል ሠዓሊ ከባድ አደጋ ነው። አንዴ በዓይንዎ ካዩት እግሩ ቀጭንና ረጅም፣ አፈሙዙ ሹል፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር መሆኑን ያውቃሉ። በቡድን ቢኖርም አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ለብቻው፣ ያውም በቀን ብርሃን መሆኑን ይደርሱበታል። ያወቀ እጅ ደግሞ እንዳሻው አይስልም።

ይልቅስ ፒንተረስት ይግቡ። እዚያ ግራጫ ተኩላ በሽ ነው፤ ዓይኑ ሰማያዊ፣ አንገቱ ወደ ሙሉ ጨረቃ የቀና፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ የጥድ ደን። አንዱን መርጠው ብርቱካናማ ይቀቡትና ከሥሩ «የባሌ ኩራት» ብለው ይጻፉበት። ጥዱን ወደ ሳነቴው ተክል ወደ ጅብራ ለመቀየር አይድከሙ፤ ጅብራን አይቶ የማያውቅ ሰው ከራስዎ የፈጠሩት ይመስለዋል። ሰው ላይክ የሚያደርገው ከዚህ ቀደም ላይክ ያደረገውን ነው፤ መድረኩም መርጦ የሚያቀርብለት ያንኑ ነው። አዲስ ነገር ማሳየት ሁለቱንም ማስቸገር ይሆናል።

የባሌውን ግዙፍ ፍልፈልም ይተዉት። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ አናት ላይ የተሰኩ ናቸው። መጀመሪያ እነሱን ብቻ ከጉድጓዱ ብቅ አድርጎ አካባቢውን ይቃኛል፤ ከዚያ እስከ ወገቡ ወጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር አፉ እስኪሞላ ይነጭና ወደ ኋላው ተስቦ ይገባል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ወፍ ትቆማለች፤ እሷ ከጮኸች እሱ የለም። ይህን ለማየት ብርድ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሪልስ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። በዚያ ላይ ፍልፈል ጊዜው ያለፈበት ይዘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሃበራ የድንጋይ መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች በብዛት የሚመገቡት ይህንኑ ፍልፈል ነበር። ትሬንዱ ያኔ አብቅቷል፤ አይቀስቅሱት።

ቀበሮና አበባ በአንድ ሥዕል ላይማ ጨርሶ አያምጡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 «ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች በቀይና በቢጫ አበባው አምባውን የሚያደምቀውን የደጋ ተክል ወለላ ሲልሱ መታየታቸውን ዘግቧል። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፈሙዙም በብናኝ ይሸፈናል። ለዓመታት ቀበሮዎቹን ያጠኑት ክላውዲዮ ሲለሮ አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። አሁን አንድ አዳኝ አውሬ አበባ ሲልስ ቢስሉ ማን ያምንዎታል? «ኤአይ ነው» ተብለው ይቀራሉ። በእውነተኛው ኤአይ የተሠራ፣ በጨረቃ የሚያላዝን ቀበሮ ግን ማንም አይጠረጥረውም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የአርትስቴሽን ሠዓሊዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ሥዕሎችን ተቃውመው ገጹን በመፈክር ሲያጥለቀልቁት፣ ብልህ ሰው በዚያ ሰዓት ሃያ ቀበሮ አሠርቶ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ስምዎን አይጻፉበት። ከባሌ እንስሳት በብዛት የተሰራጨው ሥዕል የት እንዳለ ያውቃሉ? በ10 ሳንቲም ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ነው። ስንት ኪስና ስንት መቀነት ዞሯል፤ «ማን ቀረጸው?» ብሎ የጠየቀ ግን አይሰማም። የእርስዎም እንዲሁ ይሁን። ቢፈርሙበት እንኳ ሥዕልዎ በማግስቱ ፊርማው ተቆርጦ በሌላ ቻናል ሲወጣ ከሥሩ «ምስል፦ ከኢንተርኔት» የሚል ያገኛሉ። ኢንተርኔት በአገራችን ብዙ ሥራ ያለው ሠዓሊ ነው፤ ከእሱ ጋር መጋፋት አያዋጣም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትዎን በሕይወት ዘመንዎና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅልዎታል፤ ያውም ሳያስመዘግቡ። ከሞቱ በኋላ ለመከራከር ሰፊ ጊዜ ስላለ አሁን አይቸኩሉ።

ሥራ የሚያዝዝዎ ሰው «ክፍያ እንኳ የለንም፣ ግን ፕሮሞሽን እንሠራልሃለን» ካለዎት አመስግነው ይቀበሉ። የባሌ ገበሬ ስንዴውን በፕሮሞሽን ስለማይሸጥ ነው እስከ ዛሬ ፎሎወር ያጣው። ቴሌብር ቁጥርዎን መላክ ግንኙነትን ያሻክራል።

ትልቁን ገንዘብ ካሰቡ ግን መንገዱ ኤንኤፍቲ (በክሪፕቶ የሚሸጥ የዲጂታል ሥራ ባለቤትነት ማረጋገጫ) ነው፤ አርአያዎም ቢፕል ይሁን። ይህ ማይክ ዊንክልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሥዕል ሲለጥፍ ቆይቶ፣ የ5,000 ቀኑን ሥራ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በማርች 2021 በክሪስቲስ ጨረታ 69.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ዛሬ ቢጀምሩ ከ13 ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ይደርሱበታል፤ 13 ወር ያለው አገር ሰው ይህን ያህል መጠበቅ አያቅተውም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ማለቱም አያስደንግጥዎ፤ ገዢ እስካልመጣ ድረስ የሚጣስ ሕግ የለም። ዋጋው ይወድቃል ብለውም አይስጉ። ከትዊተር መሥራቾች የአንዱ፣ የጃክ ዶርሲ፣ የመጀመሪያ ትዊት እንደ ኤንኤፍቲ እ.ኤ.አ. በ2021 በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ ነበር። ገዢው በዓመቱ 48 ሚሊዮን ቢጠይቅበት፣ ጨረታው ሲዘጋ የቀረበለት ከፍተኛ ዋጋ 280 ዶላር ገደማ ሆነ። 280 ዶላር ግን በሮቤ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የማይስሉ ከሆነና ሰብሳቢ መሆን ካማረዎት ጉዳዩ ይቀላል፤ ስክሪንሾት ያንሱ። የሠዓሊውን ስም መያዝ ቦታ ማጣበብ ነው፤ ዋጋ መጠየቅማ ነውር ነው። ስልክዎ ሞላ ሲልዎት የልጆችዎን ፎቶ ይሰርዙ እንጂ ስብስብዎን አይንኩ። ሁለተኛ ላያዩት ይችላሉ፤ ቁም ነገሩ ግን መኖሩ ነው።

ከመጥፎ አርአያም ይጠበቁ። ኪያ ታደለ የምትመራው ያጥሬዳ የተባለው የሠዓሊዎች ቤተሰብ ከእነዚህ ምክሮች አንዱንም አልተከተለም። ከፒንተረስት መቅዳት ሲችሉ የኢትዮጵያን ነገሥታት፣ ንግሥታትና የአፈ ታሪክ ጀግኖች እያሰቡ ሰው አልብሰው፣ ጌጥና ጦር አስይዘው፣ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ የጥቁርና ነጭ ምስል ይሠራሉ። ያንኑ በኤንኤፍቲ ገበያ ለዓለም አቀረቡ። መጨረሻቸው ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እንግዳ ሠዓሊ አድርጎ ተቀበላቸው። ደጃቸው ላይ ያለውን ትተው የሩቁን ቢቀዱ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣባቸው።

ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም ሳነቴ ካልወጣሁ ካሉ ጋቢ ደርበው፣ ፓወርባንክ ሞልተው ይሂዱ። የሳሉትን ግን እዚያው ላለ እረኛ ልጅ እንዳያሳዩ አደራ። ስልክዎን ተቀብሎ ዞር ዞር አድርጎ ያየውና «እግሩ አጥሯል» ይልዎታል። አስተካክለው ሲመለሱ ደግሞ ቀበሮው የቆመው አበባው በማያብብበት ወር መሆኑን ይነግርዎታል። በሦስተኛው ዝም ካለ ሥዕሉ ቀበሮውን መስሏል ማለት ነው። ልጁ ግን አካውንት ስለሌለው ከላይክ አይቆጠርልዎትም።