ደብዳቤ ልጽፍ እንጂ ጢም ልላጭ አልተቀመጥኩም

የዘንድሮ ልጆች ላፕቶፕ ሲገዙ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ማጠፊያውን አይነቀንቁም፣ ኪቦርዱን አይነኩም፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል ብለው አይጠይቁም። ከፍተው ጥርሳቸውን ያዩበታል። ፊታቸው ጥርት ብሎ ከታያቸው ዕቃው ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ብሩ ይቆጠራል።

እኔ ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ በረንዳ ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የውርስ፣ የወሰን፣ የቤት ኪራይ፣ የቡና ብድር ክርክር፤ በፊደልም በቁቤም። በታይፕ ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ኢንጂነር አያና ብሩን ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊደላችንን በታይፕ ቁልፍ ላይ ለማስፈር ከደከሙት ቀዳሚው እሳቸው ነበሩ። ታይፕ ላይ ወረቀቱ ቆሞ ይገባል፣ ቆሞ ይወጣል። ፀሐይ ሲያርፍበት ይበልጥ ይነበባል እንጂ አይጠፋም። የማን ሥልጣኔ ነው ፀሐይ ሲወጣ የሚታወረው?

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አዲስ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ። እግዜር ይስጠው፣ ስጦታ አይነቀፍም። ግን ያብረቀርቃል። «ጋሼ፣ ታች እኮ ነው!» አለኝ፣ በጣቱ እየዳሰሰ። የእኔን ጣት ካርቦንና የማኅተም ቀለም አበላሽተውታል፤ ስክሪን ላይ ምን ጉዳይ አለው?

ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ባለጉዳይ ደግሞ የሚጻፈውን ካላየ አያምንም፤ ከኋላዬ ይቆማል። ዓርብ ቀትር ላይ ከመስጊድ የተመለሰ ሰው ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ፀሐይ ላይ ቆሞ «ጻፍልኝ» ሲል ጉዴ ይፈላል። ነገሩ ሒሳብ ነው። ቀትር ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ልብስ ከ20,000 ኒት በላይ ብርሃን ይመልሳል፤ ኒት የሚሉት የአንድ ነገር ብሩህነት የሚለካበት ነው። ልሙጥ መስታወት ከዚያ 4 በመቶ ያህሉን ወደ ዓይን ይልከዋል፤ 800 ኒት መሆኑ ነው። የተለመደው የቢሮ ላፕቶፕ ስክሪን በሙሉ ኃይሉ ቢያበራ ከ250 እስከ 400 ኒት ነው። እንግዲህ ማን ያሸንፋል? የሰውየው አቤቱታ ጠፍቶ ጀለቢያው ይነበባል። አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ደግሞ የራሴ ሽበት መሀል አንቀጽ ላይ ይመጣል።

«ብርሃኑን ጨምረው» ይለኛል ልጁ። ጨመርኩት። ባትሪው አለቀ። መብራት በጠፋ ቀን ምን ልሁን?

ማት የሚሉት ግን ሌላ ነው። ፊቱ በዓይን የማይታይ ሻካራነት አለው፤ የመጣበትን ብርሃን በአንድ አቅጣጫ አይመልስም፣ ይበትነዋል። ብርሃኑ አይጠፋም፤ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፣ ቀለሙንም ትንሽ ያደበዝዘዋል። ግን ቢያንስ የባለጉዳዩ መልክ ከፊደሉ ላይ ይወርድልኛል። ለሙሽራ አልበም ግሎሲ የሚሉትን የሚያብረቀርቀውን ምረጡ፣ አልከለክልም፤ ፎቶ ቤቶች ከእኔ ያውቃሉ። ለወሰን ክርክር ግን ቀለም ምን ይረባል? ነጭ ወረቀትና ጥቁር ፊደል ነው። ስልክ የሚጠግኑት ልጆች «ማት ፕሮቴክተር እንለጥፍልህ» ብለው ለጠፉልኝ። በሥሩ የቀሩት አረፋዎች አንዳንዱን «ሰ» «ሱ» አስመሰሉት።

ይህን ሁሉ ችዬ ብቀመጥ ደግሞ የቅርጹ ነገር መጣ። ስክሪን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ሄርማታ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ አቡጀዲ በሰያፍ ለክቶ ቢሸጥላችሁ ሽማግሌ ትጠሩ ነበር፤ ለላፕቶፕ ሲሆን ዝም። የድሮው 4 በ3፣ ማለትም 4 እጅ ወርድ በ3 እጅ ከፍታ የሆነው ባለ 14 ኢንች ከፍታው 21.3 ሴንቲ ሜትር ነበር። 16 በ9 የሚባለው፣ ያው 14 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው፣ 17.4 ነው። ስፋቱ በጠቅላላ ከ607 ወደ 540 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ኢንቹ አልተነካም፤ የተሸረፈው ዓይናችን ነው።

ወረቀቱ ግን አላጠረም። ኤ4 ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በፊደል ተጻፈም በቁቤ። ከ17.4ቱ ላይ የዎርዱ ማዘዣ ከላይ፣ የዊንዶውሱ መስመር ከታች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የቀረው ላይ ቀኑና «ጉዳዩ» ይታያሉ፤ «ከሰላምታ ጋር» ላይ ለመድረስ መንከባለል ነው። ግራና ቀኝ ደግሞ ባዶ ሜዳ ተንጣሏል። ያን ያህል ባዶ መሬት ጅማ ከተማ ውስጥ ቢገኝ ማን ዝም ብሎ ያየው ነበር?

ቅርጹ የቴሌቪዥን ነው። ፋብሪካዎቹ ለፊልም የሚሆነውን ቅርጽ አንዴ መቁረጥ ሲጀምሩ፣ ከ2008 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የቢሮውም ላፕቶፕ አብሮ ተቆረጠ። ቲንክፓድ እንኳ፣ ያ ቁምነገረኛ ጥቁር ሣጥን፣ ከ4 በ3 ወደ 16 በ10፣ ከዚያም ወደ 16 በ9 ወረደ። አጋሮ ላይ የገበሬውን ስም፣ የእሸት ቡናውን ኪሎ፣ ዋጋውንና ተቀናሹን በኤክሴል ጎን ለጎን የሚደረድር ሒሳብ ሠራተኛ ይስማማዋል፤ እሱን አልነካውም። እኔ ግን ፊልም አላይም፣ ቡናም አልመዝንም።

ደግነቱ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እየተመለሱ ነው። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ወደ 16 በ10 መጥተዋል፤ በ14 ኢንች ከፍታው 18.8 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፕሮ 3ን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣ 3 በ2 አደረገው፤ ለኤ4 የቀረበ ቅርጽ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሳየው ያብረቀርቃል። አንዱን ሲሰጡ አንዱን መንሳት ልማዳቸው ነው።

እናንተ ግን ገንዘባችሁ ነውና ስሙኝ። ስላሽም ሆነ አዲስ፣ ለቢሮ የተሠራውንና ማት የሆነውን ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ በአምፖል አትመኑ፤ ወደ ደጅ አውጡት፣ ክዳኑን ገልጣችሁ ሳታበሩት ፀሐይ ላይ ያዙት። ጥርሳችሁን ካያችሁበት መልሱለት። ሻጩ «ታች ነው» ካላችሁም መልሱለት። ኤ4 ወረቀት አጣጥፋችሁ ኪሳችሁ ያዙና ስክሪኑ ላይ ዘርጉት፤ ከኢንቹ ይልቅ እሱ እውነቱን ይነግራችኋል። ይህን ሳታደርጉ ገዝታችሁ በረንዳዬ ላይ «ጋሼ፣ ፊደሉ አይታየኝም» እያላችሁ እንዳትመጡ።